ቤዝቦል ሳቫንት፦ በሲያትል አምስት ወርዋሪዎች የተፈተነ ድረ ገጽ

ቤዝቦል ሳቫንት የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ያደረገው የመረጃ ድረ ገጽ ነው። በሊጉ ሜዳዎች የምትወረወር እያንዳንዷ ኳስ ከእጅ ስትወጣ ምን ያህል ፍጥነት እንደነበራት፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደተሽከረከረች፣ በየት በኩል እንደታጠፈችና የት እንዳረፈች እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል። ድረ ገጹ የአባልነት ምዝገባም ሆነ ክፍያ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሰፊ ሥራ በሁሉም ጎኑ ቢገመገም ማለቂያ ስለማይኖረው እኔ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የአንድን ቡድን ጨዋታ ከፋች ወርዋሪዎች እርስ በርስ ለማወዳደር ለሚፈልግ ተመልካች ይህ መሣሪያ ምን ያህል ይጠቅማል? ለመፈተኛም የሲያትል ማሪነርስን የ2024 ወርዋሪዎች ወስጃለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪነርስን የመረጥኩት ከሌሎቹ ቡድኖች ይልቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና ስለሚያስቸግር ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ በተራ ያሰለፋቸው አምስቱ ወርዋሪዎች፣ ማለትም ሎጋን ጊልበርት፣ ጆርጅ ከርቢ፣ ሉዊስ ካስቲዮ፣ ብራይስ ሚለርና ብራያን ዉ፣ ሁሉም በቀኝ እጃቸው የሚወረውሩ ናቸው። የሁሉም ፈጣን ኳስ አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ95 እስከ 97 ማይል፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከ153 እስከ 156 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛል። የከፋቾቹ የጋራ ኢአርኤም 3.38 ሆኖ በሊጉ ካሉት ቡድኖች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ኢአርኤ ወርዋሪው በዘጠኝ ኢኒንግ ውስጥ (ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል ነው፤ ሙሉ ጨዋታ ዘጠኝ አለው) በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርበት የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ በተከላካዮች ስሕተት የገቡት ነጥቦች አይታሰቡበትም፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ወርዋሪው የተሻለ ነው ማለት ነው። እንግዲህ በዐይን ሲታዩም ሆነ በተለመደው ስታትስቲክስ ሲመዘኑ የሚመሳሰሉ አምስት ሰዎችን ለመለየት ያልጠቀመ መሣሪያ፣ የጎላ ልዩነት ያላቸውን ሰዎች ቢለይ ብዙም አያስመሰግነውም። በዚያ ላይ በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል ስላልሆነ፣ የቡድኑን ሜዳ ቲ-ሞባይል ፓርክን ከውጭ ብቻ የሚያውቅ አማርኛ አንባቢም ስለ ቡድኑ ማወቁ አይከፋም በሚል ነው።

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ልበል። ከፋች ወርዋሪ የሚባለው ጨዋታውን የሚጀምረውና ከቻለ ስድስት ወይም ሰባት ኢኒንግ ድረስ የሚዘልቀው ሰው ነው። ክንድ በየቀኑ እንዲህ ያለውን ሸክም ስለማይችል ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ከፋቾችን ይይዙና በየተራ ያሰልፏቸዋል። ወርዋሪው ከሚቆምበት ቦታ መቺው እስከሚቆምበት እስከ ሆም ፕሌት ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ሲሆን፣ በ95 ማይል የተወረወረች ኳስ ይህን ርቀት የምታቋርጠው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። መቺው ዱላውን ለመሰንዘር ወይም ለመተው የሚወስነው በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ እንዲያውም ከዚህ ባነሰ ጊዜ ነው።

በ2024 መጨረሻ ላይ የአምስቱ ኢአርኤ እንዲህ ነበር፦ ዉ 2.89፣ ሚለር 2.94፣ ጊልበርት 3.23፣ ከርቢ 3.53፣ ካስቲዮ 3.64። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዉን ከሁሉም በላይ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ዉ የከፈተው 22 ጨዋታ ሲሆን የወረወረውም 121 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ ብቻ ነው። ጊልበርት በበኩሉ 208 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ወርውሮ በዚያ ዓመት ከሊጉ ወርዋሪዎች ሁሉ ቀዳሚ ነበር። በአንድ ኢኒንግ በአማካይ ወደ ቤዝ (መቺዎች ነጥብ ለማግኘት ወደሚዞሯቸው ማረፊያዎች) እንዲደርሱ የፈቀደላቸው መቺዎች ቁጥርም ከሁሉም ያነሰ ነበር። ይሁንና በስሙ የተመዘገበው 9 ድልና 12 ሽንፈት ነው፤ ምክንያቱም የራሱ ቡድን መቺዎች ነጥብ ማስቆጠር አቅቷቸው ነበር። ድልና ሽንፈትን በወርዋሪ ስም የመመዝገቡ ልማድ ለምን እስከ ዛሬ እንደቆየ ለእኔ ግልጽ አይደለም። ለማንኛውም ወደ ሳቫንት የሚያስኬደው የእነዚህ ቁጥሮች አለመስማማት ነው።

መረጃው የሚሰበሰበው ስታትካስት በሚባለው ሥርዓት ነው። ከእርሱ በፊት ፒችኤፍኤክስ የሚባል በካሜራ የሚሠራ ሥርዓት በ2006 ተጀምሮ በ2008 ሁሉም ሜዳዎች ላይ ተተክሎ ነበር። በ2015 ስታትካስት ሲመጣ ኳሷን የመከታተሉ ሥራ በመጀመሪያ ለዴንማርኩ ትራክማን ራዳር ተሰጠ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በየሜዳው የተተከሉ 12 የሆክ-አይ ካሜራዎች ይህን ሥራ ተረክበዋል። ሆክ-አይ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ኳስ የጎሉን መስመር ማለፍ አለማለፏን የሚወስነው ሥርዓት ስለሆነ ለእግር ኳስ ወዳጅ እንግዳ አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነገር፣ ካሜራዎቹ ሽክርክሪቱን ራሱን ስለሚያዩ ኳሷ በየትኛው አቅጣጫ እንደምትሽከረከር በግምት ሳይሆን በልኬት መታወቁ ነው። ከ2020 በፊት ያለውን የሽክርክሪት አቅጣጫ መረጃ ከዚያ ወዲህ ካለው ጋር እኩል የሚያምን ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። ፍጥነትም ቢሆን ከ2017 በፊት የሚለካው ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላ ትንሽ ከተጓዘች በኋላ ስለነበር፣ የድሮዎቹ ቁጥሮች ከዛሬዎቹ ትንሽ ዝቅ ብለው ይታያሉ።

የአንድን ወርዋሪ ገጽ የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በቀይና በሰማያዊ የተቀለሙ ክቦችን ነው። እያንዳንዱ ክብ ወርዋሪው በአንድ መለኪያ ከመቶ ወርዋሪዎች ስንቱን እንደሚበልጥ ያሳያል፤ ቀዩ መልካም፣ ሰማያዊው ደካማ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በብዛት የሚዘዋወረው የሳቫንት ምስልም ይኸው ነው። ሠዓሊው ተሳክቶለታል፤ በአንድ እይታ ብዙ ይናገራል። ነገር ግን የአንድ ቡድን ከፋቾችን ለማወዳደር ከድረ ገጹ ክፍሎች ሁሉ ትንሹን ጥቅም የሰጠኝ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ንጽጽሩ ከሊጉ ወርዋሪዎች ሁሉ ጋር በመሆኑ፣ በአንድ ኢኒንግ ብቻ ገብተው ባለ በሌለ ኃይላቸው ወርውረው የሚወጡት ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከከፋቾቹ ጋር ተደባልቀው ይቆጠራሉ። ሰባት ኢኒንግ ለመዝለቅ ጉልበቱን መቆጠብ ያለበት ሰው በፍጥነት ክብ ላይ ከእነርሱ አንሶ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። ከዚህም በላይ ክቡ ውጤቱን እንጂ የውጤቱን ምክንያት አይናገርም። የከርቢን ገጽ ያየ ሰው መቺዎችን በነጻ ወደ ቤዝ ባለመስደድ ከሊጉ አናት ላይ መሆኑን ይረዳል። እርግጥም በ2023 በ190 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ውስጥ የሰጠው ነጻ ጉዞ 19 ብቻ ሲሆን በ2024 ደግሞ በ191 ኢኒንግ 23 ነው። ይህን ያህል ግን ለማወቅ ሳቫንት አያስፈልግም፤ የጋዜጣ ሰንጠረዥ ይበቃል።

ሀብቱ ያለው ከዚያ በታች ነው። ገጹን ወደ ታች ሲወርዱ የወርዋሪው የኳስ ዓይነቶች፣ የእያንዳንዳቸው ፍጥነት፣ ሽክርክሪት፣ የተለቀቁበት ነጥብና እጥፋታቸው የሚታይበት ክፍል ይመጣል። እዚህ ላይ አምስቱ ተመሳሳይ ሰዎች መመሳሰላቸው ያበቃል።

ከጊልበርት እንጀምር። ቁመቱ 1.98 ሜትር ሲሆን ኳሷን የሚለቃት ከመወርወሪያው ሰሌዳ ወደፊት 2.3 ሜትር ገደማ ተዘርግቶ ነው። የሊጉ ወርዋሪዎች አማካይ ዝርጋታ 2 ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም ኳሷ ለመቺው ቀርባ ስለምትነሣ፣ 97 ማይል የሆነችው ፈጣን ኳስ ከዚያ የበለጠች ሆና ትታየዋለች። ይህ መለኪያ በቴሌቪዥን ስርጭት ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ በሳቫንት ላይ ግን ከፍጥነቱ ጎን ተጽፎ ይገኛል። የእጥፋት ሥዕሉ ደግሞ እያንዳንዷን ኳስ በአንድ ነጥብ እየወከለ ነጥቦቹን በኳሱ ዓይነት እየለየ ያቀልማቸዋል። በጊልበርት ሥዕል ላይ ፋስትቦሉ (ፈጣን ኳሱ)፣ በጥቂቱ ወደ ጎን የሚሸሸው ከተሩ፣ ይበልጥ የሚታጠፈው ስላይደሩ፣ ወደ ታች የሚጎብጠው ከርቭቦሉና ስፕሊተሩ እንደ ደመና ተራርቀው ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስፕሊተሩ ትኩረት የሚስብ ነው። ኳሷን በሁለት ጣቶች መካከል አሰፍቶ በመያዝ የሚወረወር ስለሆነ ሽክርክሪቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሽክርክሪት ያነሳት ኳስ ደግሞ አየሩ ስለማይደግፋት ሆም ፕሌት ስትደርስ ትወድቃለች። በ2023 የጨመረው ይህ ኳስ ከፋስትቦሉ በሰዓት ከ10 ማይል በላይ ይዘገያል። መቺው ለ97 ማይል ተዘጋጅቶ ዱላውን ሲሰነዝር ኳሷ ገና አልደረሰችም፤ ስትደርስም ከዱላው በታች ናት።

የሚለር ፋስትቦል ጸባዩ ሌላ ነው። ፍጥነቱ ከጊልበርት ያንሳል፤ ሽክርክሪቱ ግን በደቂቃ 2,500 ዙርና ከዚያ በላይ ነው፤ የሊጉ አማካይ 2,300 አካባቢ ይሆናል። ሽክርክሪቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ኳሷ ስበት በሚጠይቀው መጠን አትወድቅም። ሳቫንት ይህን በኢንች ይለካዋል፤ ኳሷ ሽክርክሪት ባይኖራት ኖሮ ከምታርፍበት ቦታ ምን ያህል ከፍ ብላ እንዳረፈች ማለት ነው። የሊጉ አማካይ 16 ኢንች ገደማ ሲሆን የሚለር 18ን ያልፋል። አምስት ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ የዱላው ወፍራም ክፍል ስፋቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ ማስታወስ ይበቃል። በ2023 ሚለር ከወረወራቸው ኳሶች ከግማሽ በላይ ይኸው ፋስትቦል ነበር፤ በግራ በኩል የሚቆሙ መቺዎችም ለምደውት ብዙ አስቸግረውት ነበር። በ2024 ስፕሊተር ጨመረ። የሁለቱን ዓመታት የእጥፋት ሥዕል ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው በመጀመሪያው ላይ ባዶ የነበረው ቦታ በሁለተኛው ላይ በነጥቦች ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ኳሶቹ ለግራና ለቀኝ መቺ ተለይተው ሲታዩ ደግሞ ያ አዲስ ደመና በአብዛኛው የግራ መቺዎች ድርሻ ነው። የኢአርኤው መሻሻል ከየት እንደመጣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የሚሰጥ ሌላ ነጻ ምንጭ አላውቅም።

ዉና ካስቲዮ በአንድ ነገር ይዛመዳሉ፤ ሁለቱም ክንዳቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚለቁት። ዝቅ ካለ ነጥብ ተነሥታ ወደ ስትራይክ ዞኑ (መቺው ባይሰነዝርም ኳሷ ካለፈችበት ስትራይክ የሚቆጠርበት ክልል ነው፤ ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል) የላይኛው ክፍል የምትሄድ ፋስትቦል አመጣጧ ጠፍጣፋ ስለሚሆን መቺው ከእውነተኛው ቦታዋ ዝቅ አድርጎ ይገምታታል። የሽክርክሪት ቁጥር ብቻ እያየ ወርዋሪዎችን የሚመዝን ሰው የዉ ፋስትቦል ለምን እንደሚያስቸግር ሊረዳ አይችልም። በ2024 ከወረወራቸው ኳሶች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ባለ አራት ስፌት ፋስትቦል (የተለመደው ፈጣን ኳስ) ወይም ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሸሸው ፈጣን ኳስ ሲንከር ነበሩ፤ በእጥፋት ሥዕሉም ላይ እነዚህ ሁለት ደመናዎች ተቀራርበው ሲታዩ የቀሩት ኳሶች በጥቂቱ ተበታትነዋል። ከጊልበርት ሥዕል አጠገብ ሲቀመጥ ድህነት ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ኳሶች በአንድ ፍጥነትና ከአንድ ነጥብ ተነሥተው አንዷ ስትቀጥል ሌላዋ ወደ ጎን ስለምትሸሽ፣ መቺው ከመካከላቸው የትኛዋ እንደመጣች የሚለይበት ጊዜ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ኳሷ ወደ ሆም ፕሌት የምትገባበትን ማዕዘን በወርዋሪው ገጽ ላይ በቁጥር ተጽፎ አላገኘሁትም። ፈላጊው ጥሬ መረጃውን አውርዶ ራሱ ማስላት አለበት። የክንድ ማዕዘን መለኪያ በኋላ መጨመሩ መልካም ቢሆንም ይህን ክፍተት ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም።

ከርቢን በእጥፋት ሥዕል ለመረዳት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ኳሶቹ መጥፎ ባይሆኑም ልዩነቱ የሚመጣው ከሚያርፉበት ቦታ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ሳቫንት የስትራይክ ዞኑን መሀል፣ ጠርዝ፣ ከጠርዝ ውጭና ጨርሶ የራቀ ብሎ በአራት የሚከፍልበት ክፍል ነው። ከርቢ ጠርዙ ላይ እየደጋገመ ሲያሳርፍ መቺው ወይ ዝም ብሎ ስትራይክ ይቆጠርበታል፣ ወይም ለመምታት በማይመች ቦታ ላይ ይሰነዝራል። በሌላ በኩል ሁልጊዜ ስትራይክ እንደሚወረውር የታወቀ ሰው ላይ መቺዎች ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ ይደፍራሉ። በነገራችን ላይ ከርቢ በ2023 ለቴክሳስ ሬንጀርሱ ኮሪ ሲገር አንዲት ናክልቦል ወርውሮ ነበር። ናክልቦል ሳትሽከረከር የምትወረወርና ዛሬ በሊጉ ሊጠፋ የተቃረበ ኳስ ነው። በድረ ገጹ የፍለጋ ክፍል ስሙን መርጦ የኳሱን ዓይነት ናክልቦል ብሎ የጠየቀ ሰው ከሺዎች መካከል እርሷን ለይቶ ያገኛታል፤ ቪዲዮውም አብሯት አለ። እያንዳንዷን ቁጥር ከቪዲዮዋ ጋር አያይዞ ማቅረቡ ከድረ ገጹ በጎ ጎኖች ሁሉ የማደንቀው ነው፤ ቁጥሩን ያልተረዳ ሰው ኳሷን አይቶ ይረዳዋል።

የፍለጋው ክፍል ራሱ ሰፊ ነው። ቅጹ በርካታ ምርጫዎች አሉት፤ ቡድን፣ ዓመት፣ የኳስ ዓይነት፣ የቆጠራው ሁኔታ (መቺው ላይ እስከዚያ ስንት ስትራይክ እንደተቆጠረና ስንት ኳስ ከዞኑ ውጭ እንደሄደ)፣ የመቺው እጅ፣ ያረፈችበት ቦታ፣ ውጤቷና ሌላም ብዙ። ውጤቱን በሰንጠረዥ ፋይል ማውረድ ይቻላል። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ገደብ 25,000 መስመር ሲሆን፣ ሙሉ ዓመት የሚሠራ ከፋች የሚወረውረው 3,000 ገደማ ኳስ ስለሆነ የአምስቱ ከፋቾች የአንድ ዓመት መረጃ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ንጽጽር ትክክለኛው መንገድም ይህ ነው እላለሁ፤ አምስት ገጾችን በአምስት መስኮት ከፍቶ ዐይንን ከማንከራተት ይልቅ ሁሉንም በአንድ ፋይል ላይ አሰልፎ፣ ለምሳሌ በሁለት ስትራይክ ላይ ማን ምን እንደሚወረውር ማየት ይሻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን በሥዕሎቹ ላይ በኢንች የተሰጠው እጥፋት በሚወርደው ፋይል ላይ በጫማ መሆኑን፣ የግራና የቀኙም አቆጣጠር ከኳስ ተቀባዩ እይታ መሆኑን ልብ ማለት ነው።

የኳሶቹ አሰያየም ሌላው የሚያስቸግር ጉዳይ ነው። በ2023 ድረ ገጹ ስዊፐር የሚባለውን፣ ማለትም በሰፊው ወደ ጎን የሚጠርገውን ኳስ፣ ከስላይደር ለይቶ ለብቻው መቁጠር ጀመረ። ለውጡ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ወርዋሪ ስላይደሩን ቀንሶ አዲስ ኳስ አመጣ ወይስ የስም ለውጥ ብቻ ነው የሚለውን ለማወቅ ፍጥነቱንና እጥፋቱን በዓመታት መካከል ማስተያየት ግድ ይሆናል። ስያሜውን ብቻ ቆጥሮ መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ሰው ይሳሳታል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክረው የተጠባቂ ውጤቶች ክፍል ነው። ሳቫንት መቺው ኳሷን የመታበትን ፍጥነትና ማዕዘን ወስዶ፣ እንዲህ ያሉ ምቶች በተለምዶ ምን ውጤት እንደሚኖራቸው አስልቶ፣ ወርዋሪው ሊኖረው ይገባ የነበረውን ኢአርኤ ይነግረናል። ተከላካዩ አጥፍቶት ወይም ዕድል ረድቶት እንደሆነ ለመለየት ጥሩ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ ኳሷ ወደ የትኛው የሜዳው ክፍል እንደተመታችም፣ በየትኛው ሜዳ እንደተመታችም አይጠይቅም። ለሲያትል ወርዋሪዎች ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም። ቲ-ሞባይል ፓርክ፣ ሳቫንት ራሱ ባዘጋጀው የሜዳዎች ንጽጽር ላይ፣ ነጥብ ለማስቆጠር ከሊጉ ሁሉ አስቸጋሪው ሆኖ የተቀመጠ ሜዳ ነው። ከባሕር የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በሌላ ከተማ ከአጥሩ ባሻገር የምትወድቀውን ኳስ ተከላካዩ እጅ ላይ ይጥላታል። እንግዲህ አንድ ድረ ገጽ በአንዱ ገጹ ሜዳው ወርዋሪዎችን እንደሚረዳ እየነገረን በሌላው ገጹ ይህን ሳያስብ ተጠባቂ ኢአርኤ ማስላቱ አንባቢውን ያደናግራል። ለአንድ ቡድን ከፋቾች ንጽጽር የሚያጽናናው አምስቱም ግማሽ ያህሉን ጨዋታቸውን እዚያው ስለሚያደርጉ ጥቅሙ ለሁሉም መዳረሱ ነው፤ ከሌላ ቡድን ወርዋሪ ጋር ለማወዳደር ግን አልመክረውም።

መረጃው ወደፊትን ለመተንበይ ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማየት የ2025 ውጤት ጥሩ መመዘኛ ሆነ። በሳቫንት የዓመታት ግራፍ ላይ ከአምስቱ የሚያሳስበው ካስቲዮ ነበር። በ2022 ከሲንሲናቲ ሲመጣ 97 ማይል ገደማ የነበረው ፋስትቦሉ በየዓመቱ እየወረደ በ2024 ወደ 95 ተጠግቶ ነበር፤ በሲንሲናቲ ስሙን ያስጠራለት፣ እንደ ፈጣን ኳስ ተወርውሮ የሚዘገየው ቼንጅአፕም እንደ ድሮው ዋና መሣሪያው አልነበረም። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2025 ጊልበርት፣ ከርቢና ሚለር በተለያየ ጊዜ ተጎድተው ከሜዳ ሲርቁ ካስቲዮ 32 ጨዋታ ከፍቶ በ3.54 ኢአርኤ ጨረሰ። በ2024 ሥዕሉ ያማረው ሚለር በ18 ጨዋታ 5.68 አስመዘገበ። ዉ በሁለት ፋስትቦሎቹ እየተማመነ 30 ጨዋታ ከፍቶ 2.94 ይዞ ቡድኑን ወደ ምድብ ሻምፒዮንነት ከወሰዱት አንዱ ሆነ፤ ማሪነርስ ከ2001 ወዲህ ያንን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ሳቫንት ኳሷን እንጂ ክርኑንና ትከሻውን አያይም። የአንድ ማይል መቀነስ የእርጅና ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መሣሪያ ብቻ ግን ከጉዳት መጀመሪያ፣ ከብርድ ወይም ሆን ብሎ ኃይልን ከመቆጠብ ሊለይ አይችልም።

ኳሶቹን በአንድ የጥራት ቁጥር ጠቅልሎ የሚሰጥ መለኪያ የሚፈልግ ሰው ፋንግራፍስ የተባለውን ሌላ ድረ ገጽ ቢያይ ይሻለዋል። እዚያ የኳሷ ጸባይና የአወራወሩ ቦታ ተለይተው፣ 100 አማካይ ሆኖ፣ ይመዘናሉ። ሳቫንት ለእያንዳንዱ የኳስ ዓይነት ስንት ነጥብ እንዳዳነ ወይም እንዳስከፈለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው፤ ያ ግን የተፈጸመውን የሚቆጥር በመሆኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ በተወረወረ ኳስ ላይ አንድ ከአጥር ያለፈ ምት ቁጥሩን ሊያዛባው ይችላል። እኔ ፋንግራፍስን ለደረጃ፣ ሳቫንትን ለምክንያት እጠቀምባቸዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ሳቫንትን እመርጣለሁ፤ በ10,000 ሜትር ሩጫ ማን እንዳሸነፈ ከማወቅ የየዙሩን ሰዓት አይቶ የት እንዳሸነፈ ማወቅ ይበልጥ የሚያረካው ሰው ምርጫዬን ይረዳልኛል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ገጹ የተሠራው ለኮምፒውተር ነው። በስልክ ሲከፈት ሰንጠረዦቹ ወደ ጎን ይፈስሳሉ፤ የእጥፋት ሥዕሉ ላይ ጣት አሳርፎ አንዷን ነጥብ መምረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የፍለጋው ቅጽማ በስልክ ባይሞከር ይሻላል። ጨዋታ በቀጥታ ሲተላለፍ የእያንዳንዷን ኳስ ልኬት የሚያሳየው ገጽ ግን በስልክም ቢሆን በደንብ ይሠራል፤ ቁጥሮቹም ኳሷ ከተወረወረች በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይደርሳሉ። የቃላቱ መፍቻ አለ፤ ሆኖም በእንግሊዝኛና አስቀድሞ ጨዋታውን ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። መለኪያዎቹም በማይል፣ በጫማና በኢንች ስለሆኑ በሜትር ለሚያስብ አንባቢ ተደጋጋሚ ስሌት ያስፈልጋል።

ልጁ በትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ወርዋሪ የሆነ ወላጅ፣ ወይም ጨዋታውን በቅርቡ የተዋወቀና ከተንታኞች ግምት አልፎ መመርመር የሚፈልግ ሰው፣ ከአንድ ወርዋሪ ጀምሮ መጀመሪያ የእጥፋት ሥዕሉን፣ ቀጥሎ የመልቀቂያ ነጥቡንና ዝርጋታውን፣ ከዚያ የኳሶቹን ማረፊያ ቢያይና ባለ ቀለሞቹን ክቦች ለመጨረሻ ቢያቆያቸው ይጠቀማል። ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን በአንድ ቁጥር ተጽፎ ለማግኘት ለሚከፍተው ሰው ግን ድረ ገጹ መልስ የሚመስል ነገር በብዛት ቢሰጠውም፣ በእኔ ግምገማ ለዚያ ሥራ ከመካከለኛ በላይ ነጥብ አያገኝም።